ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን

ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን (ሚያዝያ 25 ቀን 1884 ዓ.ም. – ሚያዝያ 13 ቀን 1910 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1892 – ኤፕሪል 21 ቀን 1918) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። 80 የጠላት አውሮፕላኖችን መትቶ እንደጣለ በይፋ ተመዝግቦለታል። ይህም በዚያ ጦርነት ከተዋጉት አብራሪዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። የባሮን ማዕረግ ካለው ቤተሰብ በመወለዱና አውሮፕላኑን ቀይ ቀለም በማስቀባቱ «ቀዩ ባሮን» በሚለው ቅጽል ስም ይታወቃል።

ሪሽትሆፈን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከልደቱ ጀምሮ ለበረራ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። ለብቻው ባደረገው የመጀመሪያ በረራ አውሮፕላኑን ሰብሯል፤ የመጀመሪያውን የአብራሪነት ፈተናም ወድቋል። ለስሙ ያበቁት የአዳኝ ዓይንና ትዕግሥት፣ ጥሩ አስተማሪ እና ሳይሰለች የጠበቃቸው ጥቂት ደንቦች ነበሩ። በ25 ዓመቱ የሞተውም ከእነዚህ ደንቦች አንዱን በጣሰበት ቀን ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ሪሽትሆፈን የተወለደው ከብሬስላው ከተማ አጠገብ በሚገኘው ክላይንቡርግ በተባለ ቦታ ነው። ብሬስላው በዚያን ጊዜ የጀርመን ከተማ ስትሆን ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ አልብሬሽት የፈረሰኛ ጦር መኮንን፣ እናቱ ደግሞ ኩኒጉንደ ይባሉ ነበር። ኢልዘ የተባለች ታላቅ እህት፣ እንዲሁም ሎታርና ቦልኮ የተባሉ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ነበሩት። ቤተሰቡ በኋላ በአቅራቢያው ወዳለችው ሽቫይድኒትስ ከተማ ተዛወረ።

ልጁ ከትምህርት ይልቅ ፈረስ መጋለብንና አደንን ይወድ ነበር። ከወንድሙ ጋር በአካባቢው ጫካዎች አጋዘንና የዱር አሳማ ያድን ነበር። በአደን የለመደው ነገር፣ ማለትም በጸጥታ መጠበቅ፣ ከሩቅ እንቅስቃሴን መለየት፣ በቂ ርቀት ድረስ ሳይቀርቡ አለመተኮስ፣ በኋላ በአየር ላይ ያደረገው ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ11 ዓመቱ በቫልሽታት ወደሚገኘው የካዴት ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም በበርሊን አጠገብ በግሮስ ሊሽተርፈልደ ወደሚገኘው ዋናው የካዴቶች ተቋም ተዛወረ። በወታደራዊው ሥነ ሥርዓት እምብዛም ደስተኛ አልነበረም፤ በትምህርቱም ከማለፊያ ነጥብ የሚበልጥ ለማግኘት አይደክምም ነበር። በስፖርት ግን ጎበዝ ነበር። ከጓደኛው ጋር ሆኖ በቫልሽታት ያለውን የቤተ ክርስቲያን ግንብ ወጥቶ ጫፉ ላይ መሀረብ ማሰሩን በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፏል። ትምህርቱን ጨርሶ በ1911 ወደ አንደኛው የኡላን ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ገባ፤ በ1912ም የመኮንንነት ማዕረግ አገኘ።

ከፈረስ ወደ አየር

ጦርነቱ በኦገስት 1914 ሲጀመር ሪሽትሆፈን የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በመጀመሪያ በምሥራቅ፣ ከዚያም በምዕራብ ግንባር በፈረስ ላይ ሆኖ ለቅኝት ተሰማራ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ግን የምዕራቡ ግንባር በምሽግና በሽቦ አጥር ታጠረ፤ መትረየስ ባለበት ሜዳ ፈረስ መግባት የማይችል ሆነ። ፈረሰኞቹ ለመልእክት ማድረስ፣ ለስልክ መስመር ጥበቃና ለስንቅና ትጥቅ አገልግሎት ተበተኑ። ሪሽትሆፈን ራሱ ወደ ስንቅ አቅርቦት ሥራ ሲመደብ አልዋጥ ብሎት ወደ አየር አገልግሎት እንዲዛወር አመለከተ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ በሜይ 1915 መጨረሻ ተዛወረ።

ይሁን እንጂ የጠየቀው አብራሪ ለመሆን አልነበረም። አብራሪነት ረጅም ሥልጠና ስለሚጠይቅ ጦርነቱ ሳያልቅብኝ ልድረስ ብሎ የተመልካችነትን ሥራ መረጠ። በዚያን ጊዜ በጀርመን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች ላይ ዋናው ሰው ተመልካቹ ነበር። ካርታ የሚያነበው፣ የጠላትን ምሽግ የሚመዘግበው፣ ፎቶግራፍ የሚያነሳው እሱ ነው፤ አብራሪው እንደ ሾፌር ይቆጠር ነበር። ሪሽትሆፈን በ1915 የበጋ ወራት በምሥራቅ ግንባር የሩሲያን ጦር እንቅስቃሴ ከአየር ሲቃኝ ቆየ። በፈረሰኛነት የለመደው የቅኝት ሥራ እዚህም ጠቀመው።

ከዚያም በቤልጂየም ኦስተንደ ወደነበረው ክፍል ተዛወረ። ይህ ክፍል ለምስጢር ሲባል የመልእክተኛ ርግቦች ክፍል የሚል ስም የተሰጠው ቢሆንም እውነተኛ ሥራው ቦምብ መጣል ነበር። በሴፕቴምበር 1915 በሻምፓኝ ግንባር ከኋላ መቀመጫ ሆኖ በመትረየስ አንድ የፈረንሳይ አውሮፕላን መታ። አውሮፕላኑ የወደቀው ከፈረንሳይ ምሽግ ጀርባ ስለነበረ ግን ድሉ አልተመዘገበለትም።

የዘመኑ አውሮፕላኖች

የሪሽትሆፈንን ሕይወት ለመረዳት የዚያን ጊዜ አውሮፕላን ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አካሉ በአብዛኛው እንጨት፣ ልባሱ ጨርቅ፣ ማሰሪያው ሽቦ ነበር። አብራሪው ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ለብርድና ለነፋስ ተጋልጦ ይቀመጣል። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ከጓዶቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ሬድዮ አልነበራቸውም፤ የሚግባቡት ክንፍ በማወዛወዝና የብርሃን ጥይት በመተኮስ ነበር። በጦርነቱ አብዛኛው ጊዜ አብራሪዎች ፓራሹት አይሰጣቸውም ነበር። የነዳጅ ጋን ተመትቶ እሳት ከተነሳ ማምለጫ አልነበረም።

በ1915 አንድ የቴክኒክ ለውጥ የአየር ውጊያን መልክ ቀየረው። መትረየስ በፊት ለፊት በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መካከል፣ ፕሮፔለሩን ሳይመታ እንዲተኩስ የሚያደርግ መሣሪያ በፎከር አውሮፕላን ላይ ተገጠመ። ከዚህ በኋላ አብራሪው አውሮፕላኑን በሙሉ ወደ ጠላት በማነጣጠር ብቻ መተኮስ ቻለ። ተዋጊ አውሮፕላን የሚባለው ነገር በእውነት የተወለደው ያን ጊዜ ነው። በዚህ አውሮፕላን መጀመሪያ ስም ካወጡት መካከል ኦስቫልድ ቦልከ ይገኝበታል።

የአብራሪነት ትምህርት

በኦክቶበር 1915 መጀመሪያ ሪሽትሆፈን በባቡር ሲጓዝ ከቦልከ ጋር ተገናኘ። ቦልከ ከእሱ በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጥ፣ ዝምተኛ የሆነ የመምህር ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ አራት አውሮፕላኖችን ጥሎ ነበር። ሪሽትሆፈን እንዴት እንደሚያደርገው ሲጠይቀው የተሰጠው መልስ ቀላል ነበር፤ ጠጋ ብሎ፣ በደንብ አልሞ መተኮስ ነው። ሪሽትሆፈን ከዚያ ውይይት በኋላ ልዩነቱ የአውሮፕላኑ ዓይነት መሆኑን ተረዳ። ከኋላ መቀመጫ ሆኖ በሌላ ሰው በሚነዳ አውሮፕላን መዋጋት አይበቃም፤ ራሱ ማብረር ነበረበት።

በምሥራቅ ግንባር አብራሪው የነበረው ጌኦርግ ጾይመር እንዲያስተምረው ለመነው። ከአጭር ልምምድ በኋላ ኦክቶበር 10 ቀን 1915 ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በረረ። መነሳቱ ተሳካለት፤ ማሳረፉ ግን አልሆነለትም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተከሰከሰ፤ እሱ ግን አልተጎዳም። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያውን ፈተና ወሰደና ወደቀ። በበርሊን አጠገብ በዶበሪትስ ተጨማሪ ሥልጠና ከወሰደ በኋላ ፈተናውን በመጨረሻ ያለፈው በገና ቀን፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1915 ነበር።

ፈተና ማለፍ ብቻውን ተዋጊ አላደረገውም። በማርች 1916 ወደ ቨርደን ግንባር ሲላክ የተሰጠው ባለ ሁለት መቀመጫ አልባትሮስ ነበር። ወደ ፊት የሚተኩስ መትረየስ በላይኛው ክንፍ ላይ አስገጠመና ኤፕሪል 26 ቀን በዱዎሞ ምሽግ አቅራቢያ አንድ የፈረንሳይ ኒዩፖር መታ። ይህም ከጠላት መስመር ጀርባ ስለወደቀ አልተቆጠረለትም። በዚያው ዓመት የበጋ ወራት ክፍሉ እንደገና ወደ ምሥራቅ ግንባር፣ ወደ ኮቨል አካባቢ ተዛወረ። እዚያ የሩሲያን ወታደሮችና የባቡር ጣቢያዎች በቦምብ መደብደብ ዋና ሥራው ሆነ።

በቦልከ ሥር

በጁን 1916 ሌላው ዝነኛ አብራሪ ማክስ ኢመልማን ሲሞት የጀርመን መንግሥት ቦልከንም እንዳያጣ ፈርቶ ከግንባር አንስቶ ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ ለጉብኝት ላከው። በዚህ መካከል በሶም ወንዝ አካባቢ ታላቅ ውጊያ ተጀመረ፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮችም አየሩን ተቆጣጠሩት። ጀርመኖች ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸውን አንድ ላይ ሰብስበው ጃስታ የተባሉ ቡድኖችን ለማቋቋም ወሰኑ። ጃስታ የሚለው ቃል ከሁለት ቃላት የተጣመረ ሲሆን ትርጉሙ የአደን ቡድን ማለት ነው። የጃስታ 2 አዛዥ የሆነው ቦልከ ሲመለስ በየመንገዱ ሰዎችን መረጠ። በኮቨል ካለው ክፍል የወሰዳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሪሽትሆፈን፣ ሌላው የ37 ዓመቱ ኤርቪን ቦመ። የበረራ ችሎታ ብቻ መመዘኛው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልተመረጡ ነበር።

የጃስታ 2 አዳዲስ አውሮፕላኖች እስኪደርሱ ድረስ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት ቦልከ ጠዋት ጠዋት ብቻውን ወጥቶ ይዋጋል፤ ተመልሶ ያየውን ለተማሪዎቹ ያስረዳል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የት የት ላይ ማየት እንደማይችሉ፣ ከየት ቢቀርቧቸው እንደሚሻል፣ በቡድን እንዴት እንደሚበረር አስተማራቸው። ትምህርቱን በጥቂት ደንቦች ጠቅልሎ አስቀምጦ ነበር። የደንቦቹ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው።

* ከማጥቃት በፊት ብልጫ መያዝ፤ ከተቻለ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መቅረብ።
* የጀመሩትን ጥቃት መጨረስ፤ በመሃል ጀርባ ሰጥቶ አለመሸሽ።
* በቅርብ ርቀት ላይ ሳይደርሱና በደንብ ሳያልሙ አለመተኮስ።
* ጠላትን ከዓይን አለማጣት፤ በማታለያ አለመሸወድ።
* በማንኛውም ጥቃት ከኋላ መምጣት።
* ጠላት ከላይ ተወርውሮ ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ዞሮ መግጠም።
* ከጠላት መስመር በላይ ሲሆኑ የመመለሻን መንገድ ፈጽሞ አለመርሳት።
* በአራት ወይም በስድስት ሆኖ ማጥቃት፤ ሁለት ሰው በአንድ ጠላት ላይ አለመረባረብ።

እነዚህ ደንቦች ከመቶ ዓመት በኋላም በብዙ አገሮች የአየር ኃይል ትምህርት ቤቶች ውስጥ በታሪክነትም በትምህርትነትም ይነሳሉ።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1916 ቦልከ ተማሪዎቹን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በቡድን ወጣ። ሪሽትሆፈን በዚያን ቀን በካምብሬ አቅራቢያ ባለ ሁለት መቀመጫ የእንግሊዝ አውሮፕላን መትቶ እንዲያርፍ አስገደደው። እሱም በስሜት ተውጦ በአጠገቡ አረፈ። ሁለቱም እንግሊዛውያን፣ አብራሪው ሊዮኔል ሞሪስና ተመልካቹ ቶም ሪስ፣ ሞቱ። ይህ በይፋ የተመዘገበለት የመጀመሪያ ድል ሆነ። ሪሽትሆፈን ለመታሰቢያ ቀኑና የአውሮፕላኑ ዓይነት የተቀረጸበት ትንሽ የብር ዋንጫ በርሊን ለሚገኝ አንጥረኛ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ድል አንድ ዋንጫ ያሠራ ነበር። በ60ኛው ላይ በጀርመን ብር በመጥፋቱ ዋንጫው ቀረ።

ኦክቶበር 28 ቀን 1916 ቦልከ በውጊያ መካከል ሞተ። የገደለው ግን የጠላት ጥይት አልነበረም። አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሲያሳድዱ የቦመ አውሮፕላን ጎማ የቦልከን ክንፍ ነካው። ቦልከ 40 ድሎች ነበሩት፤ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ሪሽትሆፈን በቀብሩ ሥርዓት ላይ የአስተማሪውን ኒሻኖች የተሸከመው ሰው ነበር።

ከሆከር ጋር የተደረገው ውጊያ

ኖቬምበር 23 ቀን 1916 ሪሽትሆፈን ከላኖ ሆከር ጋር ገጠመ። ሻለቃ ሆከር ከፍተኛውን የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን የተሸለመ የስኳድሮን አዛዥ ነበር። ሆከር ያበረረው ዲ.ኤች.2 በጠባብ ቦታ የመዞር ችሎታ ነበረው፤ ነገር ግን አንድ መትረየስ ብቻ ነበረው። የሪሽትሆፈን አልባትሮስ ሁለት መትረየስና የበለጠ ፍጥነት ነበረው። ሁለቱ አውሮፕላኖች እርስ በርስ ጅራት ለጅራት እየተከታተሉ ከብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ እስከ መሬት አጠገብ ድረስ ዞሩ።

በዚህ ውጊያ ነፋሱ ትልቅ ሚና ነበረው። በዚያ ግንባር ነፋስ ዘወትር የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ውጊያው በቆየ ቁጥር ሁለቱም ወደ ጀርመን ምሽግ ጀርባ ይገፉ ነበር። ነዳጁ እያለቀ የሄደው ሆከር በመጨረሻ መዞሩን ትቶ ወደ ወገኖቹ መስመር ለመብረር ተገደደ። በቀጥታ መብረር ሲጀምር ሪሽትሆፈን ከኋላው ሆኖ ተኮሰ። ሆከር ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። በዚህ ውጊያ ሪሽትሆፈን 900 ያህል ጥይት ተኩሷል። የተሻለው አብራሪ ማን እንደነበር ዛሬም ያከራክራል፤ ያሸነፈው ግን ነፋስና ሞተር ያገዙት፣ ታግሶም የጠበቀው ነው።

ጃስታ 11 እና ቀዩ አውሮፕላን

በጃኑዋሪ 1917 ሪሽትሆፈን 16 ድሎች ነበሩት። በዚያ ወር በጀርመን ከፍተኛ የሆነውን ፑር ለ ሜሪት የተባለውን ኒሻን ተቀበለ፤ በዱዌ አቅራቢያ የነበረውን ጃስታ 11 እንዲያዝም ተሾመ። ይህ ቡድን እስከዚያ ድረስ አንድም ድል አልነበረውም።

በዚሁ ጊዜ አውሮፕላኑን ቀይ ቀለም አስቀባ። በኋላም የቡድኑ አብራሪዎች ሁሉ ቀይ ቀለም ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱም የራሱን መለያ ቀለም ጨመረበት። ሬድዮ በሌለበት ሰማይ ላይ ቀለም ጥቅም ነበረው። ተከታዮች አዛዣቸውን በቀላሉ ይለያሉ፤ በምድር ያሉ ምስክሮችም አውሮፕላን የጣለው ማን እንደሆነ ማወቅ ይችላሉ።

በኤፕሪል 1917 እንግሊዞች በአራስ ከተማ አካባቢ ትልቅ ማጥቃት ጀመሩ። የአየር ኃይላቸው ቁጥሩ የበለጠ ቢሆንም ብዙዎቹ አውሮፕላኖች አሮጌ ነበሩ። ፎቶግራፍ ለማንሳትና መድፍ ለማረም የግድ ወደ ጀርመን መስመር መግባት ነበረባቸው። ብዙዎቹ አብራሪዎች ደግሞ ጥቂት ሰዓታት ብቻ በርረው ከትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ወር እንግሊዞች 245 ያህል አውሮፕላኖች አጡ። ወሩም በታሪካቸው የደም ኤፕሪል ተብሎ ቀረ። የሪሽትሆፈን ድሎች በዚያ አንድ ወር ከ31 ወደ 52 ከፍ አሉ፤ ኤፕሪል 29 ቀን ብቻ አራት አውሮፕላኖች ጣለ።

ከድሎቹ ብዙዎቹ ዘገምተኛ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች ነበሩ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ስሙን ለማሳነስ ይነሳል። በጦርነቱ አካሄድ ግን መድፍ የሚያርመውንና ምሽግ ፎቶ የሚያነሳውን አውሮፕላን መጣል ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነበር። አንድ የፎቶግራፍ ጉዞ ማክሸፍ በምድር ያሉ ብዙ እግረኞችን ከመድፍ ያድን ነበር። በሌላ በኩል ድሎቹ እያንዳንዳቸው የሰው ሕይወት ነበሩ። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ከነበሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ሞተዋል።

አስተማሪው ሪሽትሆፈን

በጁን 1917 ጃስታ 4፣ 6፣ 10 እና 11 ተዋህደው የመጀመሪያው የተዋጊዎች ክንፍ ተቋቋመ፤ አዛዡም ሪሽትሆፈን ሆነ። ክፍሉ ውጊያው ወደ በረታበት ቦታ ሁሉ አውሮፕላኑንና ድንኳኑን በባቡር ጭኖ ይጓዝ ነበር። በዚህ ምክንያትና በአውሮፕላኖቹ ልዩ ልዩ ቀለም እንግሊዞች በራሪው ሰርከስ አሉት።

ሪሽትሆፈን ተዋጊ የሚሆነውን ሰው የሚመዝነው በራሱ ልምድ ነበር። በአየር ላይ መገለባበጥና ልዩ ልዩ ትርኢት ማሳየት ለእሱ ብዙም ዋጋ አልነበረውም። አውሮፕላኑን በመጠኑ የሚያበር፣ ነገር ግን ተጠግቶ የሚተኩስ ሰው ይሻለዋል። አዲስ የመጣ አብራሪ በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ወደ ውጊያ እንዲገባ አይፈቅድለትም ነበር፤ ራቅ ብሎ ማየትን እንዲለምድ ያዘዋል። ለጀማሪ ትልቁ ችግር መተኮስ ሳይሆን ማየት ነው። ልምድ ያለው ሰው አሥር አውሮፕላን በሚያይበት ሰማይ ላይ አዲሱ ሰው ምንም አያይም።

ለመሣሪያ የነበረው ጥንቃቄም ታዋቂ ነው። እያንዳንዱ አብራሪ መትረየሱንና ጥይቱን ራሱ እንዲመረምር ያስገድድ ነበር። ጥይት ተቀርቅሮ መትረየስ ቢቆም ጥፋተኛው አብራሪው እንጂ መካኒኩ አልነበረም። ከውጊያ በኋላ አብራሪዎቹን ሰብስቦ ማን ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተሳሳተ አንድ በአንድ ይገመግማል። ለቡድኑ አይሆንም ያለውን ሰው ያዛውራል፤ የወደደውን ደግሞ ራሱ ሄዶ ያመጣል። በ1918 ኤርንስት ኡዴትን ከሌላ ቡድን ያመጣው እንዲሁ ነው። ኡዴት በኋላ 62 ድሎችን በማስመዝገብ ከሪሽትሆፈን ቀጥሎ የጀርመን ሁለተኛ ተዋጊ ሆኗል። ታናሽ ወንድሙ ሎታርም በእሱ ሥር ተምሮ 40 ድሎች አስመዝግቧል።

የራስ ቁስል

ጁላይ 6 ቀን 1917 ሪሽትሆፈን ባለ ሁለት መቀመጫ የእንግሊዝ አውሮፕላን ለመግጠም ሲጠጋ ገና ሩቅ ነው ብሎ ባሰበበት ርቀት ላይ ጥይት ጭንቅላቱን መታው። ዓይኑ ጨለመ፤ እጅና እግሩም አልታዘዝ አለው። አውሮፕላኑ ወደ ታች ሲወድቅ የማየት ችሎታው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በቤልጂየም ቬርቪክ አጠገብ ማሳረፍ ቻለ። ከጭንቅላቱ የአጥንት ስብርባሪ ለማውጣት በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ከሐኪሞቹ ምክር ውጭ በኦገስት ወደ በረራ ተመለሰ። ከበረራ በኋላ ማቅለሽለሽና ከባድ ራስ ምታት ይይዘው ነበር። በዙሪያው ያሉ ሰዎች ዝምታው እንደጨመረ አስተውለዋል። በእነዚያ ወራት ከቅርብ ጓዶቹ ብዙዎቹ ሞቱ፤ በሴፕቴምበር 1917 ብቻ ኩርት ቮልፍና 48 ድሎች የነበሩት ቬርነር ፎስ ወደቁ። በ1917 የታተመው የሕይወት ታሪኩ በጀርመን በሰፊው ተነቦ ነበር። እሱ ግን በኋላ በጻፈው አጭር ጽሑፍ የመጽሐፉ ድፍረትና ፈገግታ ከእንግዲህ የእሱ አለመሆኑን ገልጿል።

ባለ ሥልጣናቱ የቦልከ ዕጣ እንዳይደርሰው ሰግተው ከግንባር ራቅ ያለ ሥራ ሊሰጡት ፈለጉ። ሪሽትሆፈን ተራው እግረኛ ከምሽጉ መውጣት ሳይፈቀድለት እኔ ልሸሽ አይገባም በሚል አልተቀበለም። ከዚህ በኋላ በብዛት ያበረረው ፎከር የሠራውን ባለ ሦስት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን ነው። በስሙ ሁልጊዜ የሚታሰበው ይህ ቀይ አውሮፕላን ቢሆንም ከ80 ድሎቹ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ያገኛቸው 19 ብቻ ናቸው።

የመጨረሻው በረራ

ሪሽትሆፈን 80ኛውን አውሮፕላን የጣለው ኤፕሪል 20 ቀን 1918 ነው። በማግሥቱ ጠዋት በሶም ወንዝ አጠገብ ካለው የካፒ አየር ማረፊያ ተነሳ። በቡድኑ ውስጥ የሩቅ ዘመዱ ቮልፍራም ነበር፤ አዲስ በመሆኑ ከውጊያ እንዲርቅ ታዝዞ ነበር። በተቃራኒው ወገን በ209ኛው የእንግሊዝ ስኳድሮን ውስጥ ካናዳዊው ዊልፍሪድ ሜይ ነበር። እሱም አዲስ ስለነበረ ተመሳሳይ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። ሜይ ትእዛዙን ረስቶ ቮልፍራምን አጠቃ፤ መትረየሱ ሲቆምበት ግን ወደ ወገኖቹ መስመር ሸሸ። ሪሽትሆፈን አየውና ተከተለው።

ሜይ በሶም ሸለቆ ላይ ዝቅ ብሎ ወዲህና ወዲያ እየተጣመመ በረረ። ሪሽትሆፈን ከኋላው አልለቀቀም። በዚያን ቀን ነፋሱ እንደ ወትሮው ከምዕራብ ሳይሆን ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም በፍጥነት ወደ ምዕራብ፣ ወደ እንግሊዝና አውስትራሊያ ምሽጎች ተገፉ። ሪሽትሆፈን ለአብራሪዎቹ ባዘጋጀው የውጊያ መመሪያ፣ ሊጣል ያልቻለን ጠላት ብቻውን ሆኖ እስከ ጠላት መስመር ጀርባ ድረስ በግትርነት መከተልን ከልክሎ ነበር። ያን ጠዋት ያደረገው ይህንኑ ነው።

የሜይ የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረው ሻምበል ሮይ ብራውን ከላይ ተወርውሮ በሪሽትሆፈን ላይ ተኮሰ። በምድርም የአውስትራሊያ መትረየስ ተኳሾች ተኮሱበት። አንዲት ጥይት በቀኝ ጎኑ ገብታ በደረቱ ወጣች። ሪሽትሆፈን አውሮፕላኑን በቮ ሱር ሶም መንደር አጠገብ ባለ ማሳ ላይ ቢያሳርፍም ወዲያው ሞተ። 26 ዓመት ሊሞላው 11 ቀን ቀርቶት ነበር።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ድሉን ለብራውን መዘገበ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የጥይቷን አቅጣጫና ከቁስሉ በኋላ ሊኖር የሚችልበትን አጭር ጊዜ አገናዝበው የተተኮሰችው ከምድር መሆን አለበት ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ተኳሽ ሳጅን ሴድሪክ ፖፕኪን ነው። የራሱን ደንብ ለምን እንደጣሰም ብዙ ተጽፏል። አንዳንዶች የራስ ቁስሉ አስተያየቱን እንዳዛባው ይገምታሉ፤ ሌሎች ድካምን፣ ነፋሱን ወይም የመሬቱን አቀማመጥ መሳሳቱን ያነሳሉ።

ቀብርና መታሰቢያ

በማግሥቱ የአውስትራሊያ አብራሪዎች በቤርታንግል መንደር በሙሉ ወታደራዊ ክብር ቀበሩት። ስድስት መኮንኖች ሬሳውን ተሸከሙ፤ ወታደሮችም ተኩስ አሰሙ። የመሞቱን ዜናና የመቃብሩን ፎቶግራፍ በአውሮፕላን ወስደው በጀርመን መስመር ላይ ጣሉ። ከጦርነቱ በኋላ አጽሙ በፍሪኩር ወዳለው የጀርመኖች መቃብር ተዛወረ። በ1925 ወንድሙ ቦልኮ ወደ በርሊን አምጥቶት በብዙ ሕዝብ ፊት ተቀበረ። በ1975 ደግሞ በቪስባደን ወደሚገኘው የቤተሰቡ መቃብር ተወሰደ።

ከእሱ በኋላ ክንፉን ቪልሄልም ራይንሃርት፣ ቀጥሎም ኸርማን ጎሪንግ አዘዙ። ጎሪንግ በኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል የበላይ ሆነ። ቮልፍራም ፎን ሪሽትሆፈን በስፔን የርስ በርስ ጦርነት የጌርኒካን ከተማ በቦምብ ከደበደበው የጀርመን ጦር መሪዎች አንዱ ነበር። ሎታር ከጦርነቱ ተርፎ በ1922 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ያን ጠዋት ያመለጠው ሜይ ወደ ካናዳ ተመልሶ በሰሜኑ በረዷማ አገር በሲቪል አብራሪነት ስመ ጥር ሆነ።

ሪሽትሆፈን በፊልም፣ በመጽሐፍና በሕፃናት መጫወቻ ሳይቀር የአየር ላይ ጀግና ተደርጎ ይታያል። የጻፈው የውጊያ መመሪያ የሚያሳየው ሰው ግን ከዚህ ይለያል። ያ ሰው ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ጥይቱን አንድ በአንድ የሚቆጥር፣ ተማሪዎቹ መመለሻቸውን እንዳይረሱ ደጋግሞ የሚያሳስብ ጠንቃቃ አዛዥ ነው።